ምርኩዝና መቋሚያ፦ ተደራሽነት በዳንስና በቴአትር መድረክ

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ የሚፈልቅና ተመልሶ ለሕዝብ የሚቀርብ ሀብት ስለመሆኑ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ይሁን እንጂ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ማንን ማንን እንደሚያቅፍ ጠበቅ አድርጎ የጠየቀ ሂስ እምብዛም አይገኝም። አንድ የዳንስ ትርኢት ወይም ተውኔት ሲዘጋጅ፣ ታዳሚው ደረጃ የሚወጣ፣ አተኩሮ የሚያይ፣ ከመድረክ የሚወረወረውን ቃል የሚሰማ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ነው ተብሎ አስቀድሞ ይታሰባል። መድረኩ ላይ የሚወጣው ከያኒም በዚሁ ልክ ይገመታል። ይህ ግምት በየትኛውም ድርሰት ውስጥ በቃል አልሰፈረም፤ ሆኖም በአዳራሹ አሠራር፣ በመድረኩ ከፍታ፣ በመብራቱ አጣጣልና በልምምዱ ሥርዓት ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል።

የቋንቋ ልማድም ይህንኑ ያንጸባርቃል። «ተመልካች» ሲባል ዓይነ ስውሩ ከቃሉ ይወጣል፤ «አድማጭ» ሲባል ደግሞ መስማት የተሳነው ይቀራል። አማርኛ ግን «ታዳሚ» የሚል ሰፊ ቃል አለው። ታዳሚ በጉባኤው የተገኘ፣ ከድግሱ የተካፈለ ሰው ነው፤ በዓይኑ ይካፈል በጆሮው፣ በእግሩ ይምጣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ቃሉ አይጠይቅም። ስለ ተደራሽነት ለሚደረግ ውይይት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ተደራሽነት በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። አንደኛው ሥራው ተጠናቅቆ ካበቃ በኋላ ከውጭ እንደሚታከል አገልግሎት አድርጎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ተደራሽነትን እንደ ዜማው፣ እንደ ብርሃኑና እንደ አልባሳቱ ሁሉ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን አንሥቶ የፈጠራው አካል ማድረግ ነው። ያለፉት አሥርት ዓመታት የመድረክ ሥራዎች በሚገባ ሲመረመሩ፣ ሁለተኛው መንገድ ከፍትሕ አንጻር ብቻ ሳይሆን ከጥበብ አንጻርም የበለጠ ፍሬያማ ሆኖ ይገኛል።

ታካዩ አገልግሎትና ወሰኑ

አገልግሎቱ ራሱ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በዋሽንግተን ከተማ፣ አሪና ስቴጅ በተባለው ቴአትር ቤት፣ ለዓይነ ስውራን ታዳሚዎች በጆሮ ማዳመጫ የቃል ገለጻ መስጠት ሲጀመር ትልቅ እርምጃ ነበር። ገላጩ በተዋንያኑ ንግግር መካከል በሚገኘው ጸጥታ እየገባ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ይናገራል። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በመድረኩ ጠርዝ ላይ ይቆማል።

መብቱም ዓለም አቀፋዊ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ30ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኞች በባህላዊ ሕይወት ተካፋይ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህም አልፎ የፈጠራ ችሎታቸውን እንዲያዳብሩ ዕድል ሊሰጣቸው እንደሚገባ ያስገነዝባል፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ለማበልጸግ ጭምር መሆኑን ያመለክታል። ለሐያሲው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ አካል ጉዳተኛው ከመድረኩ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን ለመድረኩ የሚሰጥም ነውና።

ታካዩ አገልግሎት የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። አስተርጓሚው በመድረኩ ጠርዝ፣ ተዋናዩ በመሐል ሲሆኑ፣ መስማት የተሳነው ታዳሚ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ከሁለቱም ይጎድልበታል። እጁን ሲያይ ፊቱ ያመልጠዋል፤ ፊቱን ሲያይ ቃሉ ያልፈዋል። የዳንስ ገለጻ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ቀኝ እጇን አነሣች፤ ዞረች፤ ተቀመጠች» የሚል ዝርዝር እውነት ቢሆንም፣ የእንቅስቃሴውን ክብደትና ፍጥነት፣ የትንፋሹን ምት፣ በሁለት ሰውነቶች መካከል ያለውን ውጥረት አያደርስም። ታዳሚው መረጃ ያገኛል፤ ዳንሱን ግን አያገኝም።

መወጣጫው መድረክ ሲሆን

ዘንበል ያለ መወጣጫ በሕንፃ ዓለም የተለመደ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በጓሮ በር በኩል፣ ከዓይን ራቅ ብሎ፣ ሕጉን ለማሟላት ያህል ይሠራል። ኪኔቲክ ላይት የተባለው የአሜሪካ የዳንስ ቡድን ይህንኑ የተናቀ ነገር አንሥቶ በመድረኩ መሐል አቆመው። «ቁልቁለት» ሊባል በሚችለው ሥራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ዮርክ በቀረበው፣ ጠቅላላው የመድረክ ግንባታ ጉብታና ጎድጓዳ፣ ጫፍና ኩርባ ያለው ሰፊ መወጣጫ ነው። በመወጣጫው ንድፍ ላይ የኦሊን የምህንድስና ኮሌጅ መምህራንና ተማሪዎች ተሳትፈዋል። ዳንሰኞቹ አሊስ ሼፐርድና ሎረል ሎውሰን በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ሴቶች ናቸው። የብርሃኑ ቀማሪ ማይክል ማግም እንዲሁ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ባለሙያ ነበር።

ሥራው መነሻውን ያገኘው ከፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን ሐውልት ሲሆን፣ ቬነስና አንድሮሜዳ የተባሉ ሁለት ሴቶችን ፍቅር ይተርካል። ታሪኩ ግን ከመወጣጫው ተነጥሎ አይታይም። ቁልቁለቱ ላይ መንኰራኩር ሲለቀቅ የምድር ስበት ራሱ ዳንሰኛ ይሆናል፤ በእግር የሚሮጥ ሰው የማያገኘው ረጅምና ያልተቆራረጠ ፍሰት ይፈጠራል። ዳገቱን ለመውጣት ግን ክንድ፣ ትከሻና ደረት ይደክማሉ፤ ድካሙም ከታዳሚው አይሰወርም። ፍቅር መውጣትና መውረድ፣ መቅረብና መንሸራተት እንዳለው የሚነገረው በቃል ሳይሆን በዳገቱና በቁልቁለቱ ነው። ይዘትና ቅርጽ አንድ ሆኑ ማለት እንዲህ ያለው ነው። መወጣጫውን አንሥቶ ሥራውን በደልዳላ ወለል ላይ ማቅረብ አይቻልም፤ የሚቀረው ነገር ሌላ ዳንስ ይሆናልና።

ይኸው ቡድን ለዓይነ ስውራን ያደረገው ዝግጅትም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። በሎውሰን መሪነት የተዘጋጀው «ኦዲማንስ» የተሰኘ የእጅ ስልክ መሣሪያ ለታዳሚው አንድ ገላጭ ብቻ አያቀርብለትም። በአንዱ መስመር እንቅስቃሴውን በዝርዝር የሚናገር ድምፅ፣ በሌላው ግጥማዊ ንባብ፣ በሌላው ከመድረኩ የተቀዳ የሰውነትና የመንኰራኩር ድምፅ ይገኛል። ታዳሚው በጣቱ እየመረጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የሚያይ ሰው ዓይኑን አንዴ ወደዚህኛዋ፣ አንዴ ወደዚያኛዋ ዳንሰኛ እንደሚያሳርፍ ሁሉ፣ ዓይነ ስውሩም የትኩረቱ ጌታ ሆነ። ገለጻው ራሱን የቻለ የድምፅ ድርሰት ሆነ ማለት ነው።

እጅና ድምፅ በተውኔት

በሙዚቃዊ ተውኔት መስክ ደግሞ ደፍ ዌስት የተባለው የሎስ አንጀለስ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ያቀረበው «የጸደይ መነቃቃት» ተጠቃሽ ነው። ሥራው የተመሠረተው ጀርመናዊው ፍራንክ ቬደኪንድ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ተውኔት ላይ ሲሆን፣ አዋቂዎች የማይሰሟቸውን፣ ስለ ሰውነታቸውና ስለ ስሜታቸው እውነቱ የተሰወረባቸውን ወጣቶች መከራ ይናገራል። አዘጋጁ ማይክል አርደን ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዳንዶቹን መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን ሰጠ። እነርሱ በምልክት ቋንቋ ሲተውኑ፣ በአጠገባቸው የቆሙ ሌሎች ከያንያን ድምፅ ሆነው ይዘምሩላቸዋል።

ይህ አሠራር ለብልሃት ብቻ የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰበ የመምህራን ጉባኤ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል ተባረረ። ውሳኔው በዓለም አቀፍ ጉባኤ በይፋ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የቬደኪንድ ወጣቶች የኖሩት ልክ በዚያ ዘመን በመሆኑ፣ በመምህሩ ፊት እጁ የታሰረበት ተማሪ በመድረክ ሲታይ «አዋቂዎች አይሰሙንም» የሚለው የድርሰቱ ጭብጥ ከምሳሌነት ወጥቶ ታሪካዊ እውነት ይሆናል። አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው መሆኑም የውስጥ ስሜትንና የውጭ ገጽታን ለይቶ ለማሳየት ጠቀመ። የሚሰማውም ታዳሚ ከቀድሞው አቀራረብ ያላገኘውን ትርጉም አገኘ። ለአንዱ ወገን የተከፈተ በር ለሁሉም አዲስ ክፍል ገለጠ ማለት ይቻላል።

መቋሚያ፦ ከአገር ቤት ጥበብ የሚቀዳ ትምህርት

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። የኢትዮጵያን የአቋቋም ጥበብ በጥሞና ያየ ሰው ግን ሥሩን እዚሁ ያገኘዋል። መቋሚያ በመሠረቱ ለረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው የሚደገፍበት ዘንግ ነው። ሰውነት ይደክማል፤ የደከመ ሰውነትም ድጋፍ ይሻል። ሊቃውንቱ ግን ይህን ድጋፍ ለድካም መሸሸጊያ ብቻ አላደረጉትም። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፤ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ከጽናጽሉና ከከበሮው ጋር ሆኖ የሰውነቱን ምት ይመራል። ጥበቡ «አቋቋም»፣ ዘንጉ «መቋሚያ» ተብለው ከአንድ ግስ መውጣታቸው በራሱ ይናገራል፤ መቆምን የሚያግዘው ዕቃ የአቋቋሙ ጥበብ መሣሪያ ሆኗልና።

ስኮትላንዳዊቷ ዳንሰኛ ክሌር ከኒንግሃም በራሷ መንገድ የደረሰችበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በክራንች የምትንቀሳቀሰው ይህች ከያኒ ክራንቿን ደብቃ እንደ ሌላው ለመደነስ አልሞከረችም፤ በእርሱ ላይ ተንጠልጥላ፣ ክብደቷን አሳርፋ፣ ሁለት እግር ብቻ ላለው ሰው የማይቻል የእንቅስቃሴ ቋንቋ ቀመረች። እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረበችው፣ ከጥንታዊው ሠዓሊ ሂሮኒመስ ቦሽ ሥዕሎች መነሻውን ባገኘው ሥራዋ፣ ክራንቿን አስቀምጣ በታዳሚው ፊት ዝም ብላ ትቆማለች። ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሌላ ምንም አይደረግም። ለሌላው ሰው ከቁም ነገር የማይቆጠረው መቆም የትርኢቱ ከፍተኛ ጫፍ ይሆናል። ምርኩዙ ሲኖር መሣሪያ ነው፤ ሲጎድልም ጉድለቱ ራሱ ይናገራል።

የአገሪቱ ሕዝቦች ውዝዋዜም ለዚህ ዓይነቱ ፈጠራ የተመቸ ነው። በጉራጌ ጭፈራ እግር፣ በወላይታ ወገብ፣ በጎጃምና በጎንደር እስክስታ ትከሻ፣ አንገትና ደረት ቀዳሚውን ሥራ ይይዛሉ። የእስክስታው እምብርት ከወገብ በላይ በመሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ዳንሰኛ ሙሉ በሙሉ ሊጫወተው ይችላል፤ የመንኰራኩሩ ዙረት ሲጨመርበት ደግሞ በእግር ብቻ የማይገኝ አዲስ መልክ ሊወጣው ይችላል። የከበሮው ወፍራም ምት በእንጨት ወለል አልፎ በእግርና በደረት ስለሚሰማ፣ መስማት የተሳነው ጨፋሪም ምቱን ከምንጩ ይቀበላል። አዝማሪውም በድግስ ቤት የተገኘውን እያየ፣ ማን እንደገባ፣ ምን እንደለበሰ፣ እንዴት እንደጨፈረ በዚያው ቅጽበት በግጥም የሚያነሣ ባለሙያ ነው። ለዓይነ ስውር ታዳሚ የሚሆን ገለጻ በማሲንቆ ታጅቦ፣ ከትርኢቱ ጋር ተሰናስሎ፣ ለሁሉም ጆሮ የሚቀርብበት መንገድ በዚህ ልማድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ልምዱም ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1991 በለንደን አካል ጉዳተኞችንና ጉዳት የሌለባቸውን ዳንሰኞች በእኩልነት ያሰባሰበውን ካንዶኮ የተባለ ቡድን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዷ ሴለስት ዳንደከር ስትሆን፣ እርሷም እ.ኤ.አ. በ1973 በትርኢት ላይ ወድቃ አከርካሪዋ የተጎዳባት ዳንሰኛ ነበረች። ሁለተኛው አዳም ቤንጃሚን ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በችግር ውስጥ ከነበሩ የከተማዋ ልጆች ከተቋቋመው «አዱኛ» የዳንስ ቡድን አባላት ጋር ሠርቷል። በዚያም ሥራ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከሌሎች ዳንሰኞች ጋር አብረው ተለማምደዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥልጠናው ከተገኘ ችሎታው አለ።

ከንፈር መምጠጥና ሂስ

ይህ ሁሉ ሲባል አደጋዎቹ መዘንጋት የለባቸውም። የመጀመሪያው አደጋ ተደራሽነት ወደ ጌጥነት መለወጡ ነው። ገለጻው በጣም ግጥማዊ ከሆነ፣ ዓይነ ስውሩ የቃሉን ውበት እያደነቀ መድረኩ ላይ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ሊወጣ ይችላል። የምልክት ቋንቋ ከውዝዋዜ ጋር ሲቀላቀል ለሚሰማው ሰው ዓይን ያማረ፣ መስማት ለተሳነው ግን የማይነበብ የእጅ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በጆሃንስበርግ በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ አስተርጓሚ ተብሎ የቆመው ሰው ያሳየው እንቅስቃሴ ትርጉም እንደሌለው ያጋለጡት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው። የሚሰማው ሕዝብ ግን ትርጉም እየተካሄደ መስሎት ነበር። ስለሆነም ተደራሽነት ወደ ጥበብ ከማደጉ በፊት ተደራሽነቱን ማረጋገጥ አለበት፤ ፈራጆቹም የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው አደጋ ከያኒውን ለትዕይንት ማቅረብ ነው። ፈረንሳዊው ዠሮም ቤል እ.ኤ.አ. በ2012 ከዙሪኩ ሆራ ቴአትር ጋር ያዘጋጀው ሥራ ለዚህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ተዋንያን አንድ በአንድ እየወጡ ስማቸውንና ጉዳታቸውን ይናገራሉ፤ ከዚያም ራሳቸው የመረጡትን ዳንስ ያቀርባሉ። ከዐሥሩ ዳንሶች ሰባቱ በአዘጋጁ እንደተመረጡ በመድረክ ላይ ይነገራል፤ በኋላም የቀሩት ይጨመራሉ። አንዳንዶች ይህን ነፃነት ሲሉ ሌሎች ማሳያ አድርጎ ማቆም ብለውታል። ሥራው የመራጩንና የተመራጩን ግንኙነት ሳይደብቅ ማሳየቱ ብርታቱ ነው፤ ሥልጣኑ ግን እስከ መጨረሻው ከአዘጋጁ እጅ አለመውጣቱ ድክመቱ ነው። በአንጻሩ የኪኔቲክ ላይት ሥራ ከሐሳቡ እስከ ብርሃኑ ድረስ በአካል ጉዳተኞች እጅ የተቀመረ በመሆኑ፣ ታዳሚው የሚያየው ስለ እነርሱ የተነገረ ነገር ሳይሆን እነርሱ የተናገሩትን ነው።

ሦስተኛው አደጋ ከሐያሲው ወገን ይመጣል። አካል ጉዳተኛ ከያኒ በመድረክ ሲታይ ከንፈር መምጠጥ የተለመደ ነው። ከንፈር የሚመጥ ሐያሲ ግን ሥራውን አላየም። «ይህን ያህል መቻሉ ራሱ ይበቃል» የሚል ሙገሳም ሌላ ዓይነት ምጽዋት ነው፤ ከያኒውን ከሂስ በታች ያስቀምጠዋልና። ደካማ ቅንብር ደካማ ነው፤ የዘገየ ምት የዘገየ ነው። እኩልነት በመድረክ ላይ ከተፈለገ በሂስ ገጽም ላይ መኖር አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ለሚመለከታቸው ሰዎች በእርግጥ ይደርሳል ወይ? ከሥራው ቢወጣ ሥራው ይጎድላል ወይ? ከጅምሩ ሐሳቡን ካመነጩትና ውሳኔውን ከሰጡት መካከል አካል ጉዳተኞች አሉበት ወይ? ለሦስቱም አዎንታዊ መልስ የሰጠ ሥራ ተደራሽነትን ከአገልግሎት ወደ ፈጠራ አሸጋግሯል።

ከዚህ የሚመነጨው ተግባር በየደረጃው ይለያያል። አዘጋጁና የዳንስ አቀናባሪው ስለ ታዳሚው ማሰብ ያለባቸው ድርሰቱ በእጃቸው እንደገባ እንጂ ትኬት መሸጥ ሲጀመር አይደለም። የጥበብ መምህሩ አካል ጉዳተኛውን ተማሪ ከዳር አስቀምጦ የሚያጨበጭብ ከማድረግ ይልቅ፣ ሰውነቱ የሚፈጥረውን ምት ጠይቆ ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ማድረግ ይገባዋል። የባህል ተቋም ኃላፊውም በጀት ሲያወጣ የምልክት ቋንቋ ባለሙያውን፣ ገላጩንና መወጣጫውን ከመብራትና ከአልባሳት ጋር በአንድ መደብ ማስፈር አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አካል ጉዳተኞች ወደ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር። በሩን መክፈት የሕግ ሥራ ነው፤ ከበሩ በኋላ ባለው መድረክ ላይ የሚሆነው ግን የጥበብ ሰዎች ፋንታ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ለደከመ ሰውነት አንድ ዘንግ ሰጡት፤ ከዚያው ዘንግ ዝማሜን አወጡ። ድካሙን አልካዱም፤ ድጋፉንም አልደበቁም። የዛሬው ዳንሰኛ፣ ተዋናይና አዘጋጅም በመወጣጫው፣ በምልክት ቋንቋውና በቃል ገለጻው ላይ ያንኑ ያህል ቢደክምበት፣ መድረኩ እስከ ዛሬ ያላያቸውን እንቅስቃሴዎችና ያልሰማቸውን ድምፆች ያገኛል፤ የታዳሚውም ቁጥር ከቃሉ ስፋት ጋር ይስተካከላል።